መስኮቱ ትልቅ፣ ቤቱ ጨለማ

ጥያቄ፦ የሳሎናችን መስኮት የግድግዳውን ግማሽ ይዟል፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አታስቀምጥም፣ ቴሌቪዥኑም አይታይም። መጋረጃ ስንዘጋ ቤቱ ስለሚጨልም በጠራራ ፀሐይ መብራት እናበራለን። ሙቀቱ ግን ያው ነው። ወፍራም መጋረጃ እንግዛ ወይስ መስታወቱን በጥቁር እንቀይር?

መልስ፦ ሁለቱም ይቅርብዎ። መስታወት ብርሃንን አሳልፎ ያስገባል። ብርሃኑ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ደግሞ በመጣበት መስታወት በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም። መጋረጃው የቱንም ያህል ቢወፍር ፀሐይዋን የሚይዛት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ጥቁር መስታወት ደግሞ ፀሐይ በሌለበት ጠዋት እንኳ ሳሎኑን ያደበዝዘዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን የዚህ መስኮት ትልቁ ጸጋ ነው።

ፀሐይን ማስቆም ከመስታወቱ ውጭ ነው። ብዙ ሰው ጣሪያውን ማስረዘም ይቀናዋል። ለቀትር ፀሐይ ጥሩ ነው፣ ከላይ ስለምትመጣ። የምዕራብ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ከጣሪያው ሥር ትገባለች። ስለዚህ ከውጭ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ርብራብ ያለው፣ ማለትም ቀጫጭን ሰሌዳዎች በመሃላቸው ክፍተት እየተተወ የተደረደሩበት መዝጊያ ያሠሩ። ጠዋት ወለል አድርገው ይከፍቱታል፣ ከሰዓት ይዘጉታል።

ቤቱ እንዳይጨልም ደግሞ ብርሃኑን እንደ ኳስ ማንጠር ነው። ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ ያለውን የኪምቤል ሙዚየም ልጥቀስልዎ። አርክቴክቱ ሉዊስ ካን ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972። የኮንክሪት ጣሪያው እንደ ቅስት የጎበጠ ሲሆን አናቱ ላይ በቁመቱ ቀጭን ክፍተት አለው። ከክፍተቱ ሥር ክንፍ የመሰለ፣ በጥቃቅኑ የተበሳሳ አሉሚኒየም ተንጠልጥሏል። ፀሐይዋ አሉሚኒየሙን መትታ ወደ ላይ ትመለስና ኮንክሪቱን ታበራለች። ሥዕሎቹ ላይ የሚወርደው ከዚያ የነጠረው ብርሃን ነው። ግራጫው ኮንክሪት ብርማ ይሆናል። ቀጥታ ፀሐይ ሥዕል ታበላሻለች፤ እዚያ ግን ጎብኚው በቀን ብርሃን ያያል።

የእርስዎም ርብራብ ፈካ ያለ ቀለም ይኑረው፣ ፊቱም ወደ ኮርኒሱ ቀና ይበል። ኮርኒሱን ነጭ ይቀቡት፤ ባለሙያው ክሬም ይሻላል ቢልዎትም አይስሙት። አቅም ካለ ሌላ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ አንድ ትንሽ መስኮት ይከፈት። ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በመስኮቱ አናት ከፍታ ልክ ነው፤ በግምት የከፍታውን 2 እጥፍ። ዓይንን የሚወጋውም የብርሃኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን ደማቁ መስኮት ከጨለማ ግድግዳ ጋር ሲጎራበት ነው። ብርሃን ከሁለት ወገን ከገባ ይህ ይረግባል። ቴሌቪዥኑን ከመስኮቱ ጎን ወዳለው ግድግዳ ያዙሩት።

ብረትም ሆነ እንጨት ከመግዛትዎ በፊት መስኮቱን ከውጭ በካርቶን ይሞክሩት። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ የት እንደምትደርስ በጠመኔ ያስምሩ። ከጥቂት ወራት በኋላም ይድገሙት፤ መንገዷ በየወቅቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞራል፣ የርብራቡም አቅጣጫ ለሁለቱም መሆን አለበት።