መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካርድ እንዳይጨርስ

በሳምንት ሁለቴ ስለምትጋግሪ የቆጣሪው ካርድ ቶሎ እንደሚያልቅብሽ ጽፈሻል። አዲስ ምጣድ ከመግዛትሽ በፊት ሁለቱን ጋገራ ወደ አንድ አምጪው። የቤት ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ እስኪግል 15 ደቂቃ ከፈጀ፣ አንድ እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው።

ሊጡ አብሲት ገብቶበት ኩፍ ሳይል ምጣዱን አትሰኪ፤ ባዶውን ግሎ ሊጥ ሲጠብቅ ነው ካርዱ የሚያልቀው። አክንባሎው ካልገጠመ እንፋሎቱ ስለሚያመልጥ እንጀራው ይዘገያል፣ ጠርዙም ይደርቃል። ክፍተቱን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ድፈኚው። ሁለት እንጀራ ሲቀርሽ አጥፊው፤ ሸክላው ሙቀት ይይዛል። የመጨረሻው ዓይን ካላወጣ፣ በሚቀጥለው አንድ ሲቀር አጥፊ። የቀረው ሙቀት ቡና አይቆላም፣ ድርቆሽ ግን ጥሩ አድርጎ ያደርቃል።

አንዴ የጋገርሽውን እንጀራ ሳምንቱን ሙሉ ለማቆየት ዋናው ነገር ማቀዝቀዝ ነው። ትኩስ እንጀራ ከተደራረበ እንፋሎቱ መሃል ላይ ውሃ ሆኖ ይቀርና ቶሎ ይሻግታል። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ በደንብ ይብረድ፣ ከዚያ ይደራረብ። ለሦስት ቀን የሚበቃሽን አስቀሪና ሌላውን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ክተቺ። ፍሪጅ ከሌለ ሳይሻግት ቆራርሰሽ አድርቂው። የሻገተውን ግን ፍቀሽ አትብዪ፣ ጣዪው።

ስፒናው ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ግንኙነቱ ላልቷል፤ እሳትም ያስነሳል። ባለሙያ ያጥብቀው፣ በማከፋፈያ ገመድም አትጠቀሚ።