ለትራክተር የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ ዞን፣ ከቀርሳ ወረዳ ነው። የናፍጣ ትራክተሬ እርሻ መሃል ጉልበት ያጣና ቀስ ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። መካኒኩ ነዳጅ ሳቢው ፓምፕ ደክሟል አለኝ። ጅማ ከተማ ባለሱቁ የመኪና ኤሌክትሪክ ፓምፕ አሳየኝ። ለቤንዚን ውሃ መሳቢያዬም ይሆናል ይላል። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብርዎን ገና አያውጡ። «ቆይቶ ይነሳል» ያሉት ነገር ፓምፑን ከመጠርጠሬ በፊት ታንኩን እንድጠረጥር ያደርገኛል። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። አፈር ከደፈነው ነዳጁ መውረድ ያቅተዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ክዳኑን ይክፈቱ። አየር ሽው ብሎ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። ካልሆነ ከፊልትሮው ሥር ትንሽ ናፍጣ በሃይላንድ ቀድተው ያቆዩት። ውሃ ካለበት ከታች ይተኛል። በእኛ ዝናብ፣ በጀሪካን የተቀመጠ ናፍጣ ውሃ ሳይገባበት አይቀርም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ የዘይት መለኪያውን መዝዘው ያሽትቱ። ዘይቱ ከልኩ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የፓምፑ ዲያፍራም፣ ማለትም ነዳጁን የሚስበው ስስ ሽፋን፣ ተቀዷል። በዚያ ዘይት ሞተሩን አያስነሱ፤ ብረት ይበላል።

አሁን ወደ ግዢው። ዋናው ነገር ግፊት ነው። ብዙ ሰው «ኃይለኛ ይሻላል» ብሎ ይከስራል፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ባለሱቁ ያሳየዎት የዘመናዊ ቤንዚን መኪና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይገፋል። እንደ ውሃ መሳቢያዎ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ትንሽ ሞተር ከ2 እስከ 4 ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ የካርቡሬተሩ መርፌ ነዳጁን ማቆም ያቅተውና ቤንዚኑ ይፈስሳል። እሳት ነው! ደግሞ የውሃ መሳቢያዎ ታንክ ከካርቡሬተሩ በላይ ከተቀመጠ ነዳጁ በራሱ ይወርዳል፤ ፓምፕ አያስፈልገውም።

የትራክተሩ ከፍተኛ ግፊት የሚመጣው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በኃይል ከሚልከው ከኢንጀክሽን ፓምፑ ነው። የሚገዙት ፓምፕ ሥራው ነዳጁን እዚያ ማድረስ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ የቆዩ ትራክተሮች ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ ይበቃል፤ የእርስዎን ልክ ከማኑዋሉ ያረጋግጡ። ፓምፑ ላይ «ለናፍጣ» መባሉንና ቮልቱ ከባትሪዎ ጋር መግጠሙን ይዩ። በሰዓት ስንት ሊትር ይገፋል የሚለው ብዙም አያስጨንቅዎ። መካከለኛ ትራክተር ከባድ እርሻ ላይ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ቢበላ ነው።

ሲገጠም ከታንኩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። በታንኩና በፓምፑ መካከል ፊልትሮ ይግባ። የተቀደደውን አሮጌ ፓምፕ መስመሩ ላይ አይተዉት፤ አዲሱ ናፍጣውን በእሱ በኩል ዘይት ውስጥ ይገፋዋል። ይነቀልና ቦታው በላሜራና በጋስኬት ይዘጋ፣ ዘይቱም ይቀየር። ሽቦው በፊውዝ አልፎ ከቁልፉ ጋር ይያያዝ። መካኒኩ ከነዳጅ መስመሩ አየሩን አስወጥቶ ሲጨርስ ቁልፉን ያጥፉና ፓምፑ ዝም ማለቱን ቆመው ያዳምጡ።