ኤሌክትሪኩን ትቼ ወደ ቴአትር ልግባ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተምሬ ደረጃ 3 ጨርሻለሁ። ልቤ ግን ቴአትር ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ሙዚቃዊ ተውኔት ሊዘጋጅ መሆኑን ሰምቼ ከመድረክ ጀርባ መሥራት አማረኝ። ሙያዬን ትቼ አዲስ አበባ ሄጄ ቴአትር ብማር ይሻላል ወይስ እዚሁ ልሞክር?»

መልስ፦ እህታችን፣ የያዝሽውን ሙያ አትልቀቂ፤ ወደ ቴአትር የምትገቢበት በር እሱ ነው። መድረክ ላይ ለመውጣት የሚሰለፈው ብዙ ነው። ትርኢቱ ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው የወደቀ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው) ለምን እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም።

ቀላሉን ስሌት እንይ። በ220 ቮልት አንድ የ16 አምፔር መስመር የሚችለው 3,520 ዋት ነው። የድሮዎቹ የመድረክ መብራቶች እያንዳንዳቸው 1,000 ዋት ስለሚበሉ ሦስቱን ይሸከማል፣ አራተኛውን አይችልም። ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው ግን መብራቱ ሳይሆን ካውያው ነው። የአልባሳት ክፍሉ ቀሚስ ሊተኩስ ባለ 2,000 ዋት ካውያ እዚያው መስመር ላይ ይሰካና መድረኩ ይጨልማል። ስለዚህ ወደ አዳራሹ እንደገባሽ መጀመሪያ የትኛው ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደሚመጣ እየፈተሽሽ በወረቀት ቴፕ ቁጥር ለጥፊበት። የኤልኢዲ መብራቶች ጭነቱን በጣም ያቀሉታል፤ በኪራይ ሲመጡ ግን ከድሮዎቹ ጋር ተደባልቀው ሊሆን ስለሚችል ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ዋት ሳታነቢ አትሰኪ። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይዘርጋ። እንደተጠቀለለ ከባድ ጭነት ከተሸከመ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱ ይቀልጣል።

ቀጥሎ ከስፒከር የሚመጣው «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ሚክሰሩ (የድምፆች ማቀላቀያው) ከአዳራሹ ኋላ፣ አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) ከመድረኩ አጠገብ፣ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩ በሁለቱ ኧርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው የመከላከያ መስመር) መካከል በሚፈጠር ልዩነት ይመጣል። አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ የኧርዙን እግር ቆርጦ ይጥልና «ጠፋ» ይላል። ይህን አትፍቀጂ! ዕቃው ውስጥ ብልሽት ካለ ኤሌክትሪኩ መውጫ የሚያደርገው ማይክ የጨበጠውን ዘፋኝ ነው። መፍትሔው የድምፅ ዕቃውን በሙሉ ከአንድ ቦታ መመገብ፣ ካልተቻለም በሲግናል መስመሩ ላይ ዲአይ ቦክስ (ድምፁን እያሳለፈ የሁለቱን ዕቃ ኧርዝ መለየት የሚችል ትንሽ ሳጥን) አስገብቶ የኧርዝ ማላቀቂያውን መጫን ነው። አዳራሹ ሦስት ፌዝ ካለው ደግሞ ድምፁን ለብቻው በአንዱ ፌዝ፣ መብራቱን በሌሎቹ አድርጊ፤ ዲመሮች (የመብራቱን ድምቀት የሚቀንሱና የሚጨምሩት) በድምፅ መስመር ላይ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣሉ።

መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሳ ባለው ክፍተት ዲጂታል ሚክሰር ይዘጋል፣ ዳግም እስኪነሳም ዘፈኑ አልፎ ይሄዳል። ለሚክሰሩና ለመብራት መቆጣጠሪያው ብቻ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይበቃል። አምፕሊፋየርና መብራት እንዳትጨምሪበት፣ ወዲያው ያደክሙታል።

እስካሁን ያልነው የትም አገር ይሠራል። ባቲና አምባሰል የቅኝትም የአገርም ስም በሆኑበት ወሎ ግን ሌላም መማር አለብሽ። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲዞር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ይህን መድረክ ላይ ማድረግ ትዕይንቱን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ለየቅኝቱ አንድ ክራር አስቀድሞ ይቃኝና አንገቱ ላይ ባለቀለም ቴፕ ይታሰርበታል፤ ቢጫ ትዝታ፣ ቀይ ባቲ እያልሽ። የዋሽንት ድምፅ በርዝመቱ ስለሚወሰን ዋሽንቶቹ በዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ይደረደሩ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነውና ቆላ ላይ የተቃኘ መሣሪያ ሽቅብ ሲመጣ ይለወጣል፤ የከበሮው ቆዳም በእርጥበት ይላላል። መሣሪያዎቹ ከትርኢቱ ሁለት ሰዓት በፊት አዳራሽ ገብተው አየሩን ይልመዱ፣ የመጨረሻው ቅኝት ከዚያ በኋላ ይሁን። የማሲንቆ ማይክ ሲዘጋጅ የተጫዋቹ ሞኒተር ስፒከር (ራሱን የሚሰማበት) ወደ ማሲንቆው ቆዳ እንዳይዞር፤ ከዞረ ወዲያው ይጮሃል። ክረምት ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል፤ አዘጋጁ ለስለስ ያለውን ትዕይንት ከዘፈን ጋር ማቀያየር ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ይወስን።

እስክስታ የትከሻና የደረት ነገር ነው። ማይክ ደረት ላይ ከተሰካ ከድሪና ከጨርቅ ጋር እየተፋተገ ይንኮሻኮሻል። ለተወዛዋዥዋ ትንሿን ማይክ ግንባሯ ላይ፣ ከሹሩባዋ ሥር፣ ሽቦውን በፕላስተር ወደ ኋላ አስይዢላት። የማይኩን ድምፅ በአየር የሚልከውን ማሰራጫ በስስ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ጠቅልለሽ ከመቀነቷ ሥር አድርጊው፤ ላብ ከገባበት በመሃል ይቆራረጣል። ባትሪ ለእያንዳንዱ ትርኢት አዲስ ይግባ። «ትናንት ብዙም አልሠራም» የሚባል ባትሪ በሁለተኛው ክፍል ነው የሚሞተው።

ሁሉን የሚያያይዘው የመድረክ አስተባባሪው ደብተር ነው። የድርሰቱ ቅጂ በአንድ ገጽ፣ ባዶ ወረቀት በትይዩ፤ በባዶው ላይ የመብራት ለውጥ «መ1፣ መ2»፣ የድምፅ «ድ1፣ ድ2» እየተባለ በተራ ይጻፋል። ከለውጡ በፊት «መ14 ተዘጋጅ»፣ ሰዓቱ ሲደርስ «ሂድ» ይባላል። «ሂድ» የምትለውን ቃል በሌላ ጨዋታ ላይ አትጠቀሚባት፣ አንዱ ሰምቶ ቁልፉን ይነካል። በዘፈን ውስጥ ያለ ለውጥ ደግሞ በቃል ሳይሆን በከበሮው ምት ተቆጥሮ ይያዝ፤ ዘፋኝ ስንኝ ሊደግም ይችላል፣ ከበሮ መቺው ግን ወደ ቀጣዩ ዙር ሲዞር ይታያል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን ዘፈኖቹን እየዘለላችሁ ለውጦቹን ብቻ የምትለማመዱበት ቀን ጠይቂ። አዘጋጆች ይህን ቀን ለተዋናዮች ልምምድ መውሰድ ይወዳሉ፤ አትልቀቂ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፦ የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት ድርሰትና ዝግጅት ላይ ማደግ ለምትፈልግ ሰው መልካም ነው፤ ከሁለት ሦስት ሥራ በኋላ ፍላጎትሽ ወደዚያ ካዘነበለ ያን ጊዜ ሂጂ። አሁን ግን የከተማውንና የዞኑን ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ጠይቂ፤ የኪነት ቡድን ካላቸው መሣሪያውን ማን እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ከወሎ ላሊበላ ኪነት ጀምሮ የኪነት ቡድን ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ለዓመት ሙሉ የሚበቃ ሥራ ግን ከተውኔት ብቻ አይገኝም፤ ሠርግ፣ ምርቃትና ስብሰባ ይጨመርበት። ጥር ላይ የሠርግ ጥድፊያ ስለሆነ የድምፅ ዕቃ በኪራይ ማግኘት ይከብዳል፤ ለአንቺ ገቢ ነው፣ ለተውኔቱ ግን ቀኑን ከጥር ማሸሽ ይሻላል። ክፍያሽን በትርኢት ይሁን በወር፣ ልምምዱ ይካተት አይካተት፣ ከመጀመርሽ በፊት በጽሑፍ ተስማሚ።

ለመጀመሪያው ቀን መልቲሜትር፣ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪና ባለሦስት ቀለም ቴፕ ያዢ። ጥቁር ልብስና ድምፅ የማያሰማ ጫማ አድርጊ። ነጠላሽን ግን ቤት ተዪው፤ ዘርፉ በጨለማ የዲኮር ምስማር ይይዘዋል።