የአመራር ሬዚደንሲ በጀት ስትጽፊ ከደመወዙ በፊት ፊርማውን አስቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምትሠሪበት የቶሮንቶ ቴአትር ቤት የአንድ ዓመት የአመራር ሬዚደንሲ ሊከፍት ነው። ቦታው በሥነ ጥበብ ሥራ ብዙ ዓመት ለቆየ፣ ነጭ ላልሆነ ባለሙያ ነው። የገንዘብ ማመልከቻውን በጀት አንቺ እንድትጽፊው ሰጥተውሻል። «ደመወዙን ስንት ላድርገው? ከደመወዝ ሌላስ ምን ይግባ?» ነው ያልሽው።

እኔ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ። አንዱ አቃጥሎኛል፣ ሌላው ሰው አድርጎኛል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሬዚደንሲ የሚለውን ቃል እኛ የለመድነው ከሐኪም ቤት ነው። ጥቁር አንበሳ ሬዚደንት የሆነ ሐኪም በሽተኛ ይመረምራል፣ ሌሊት ተረኛ ያድራል፣ ከስፔሻሊስቱ ጋር ቀዶ ጥገና ይገባል። ዳር ቆሞ እያየ አይጨርስም። የአመራሩም እንደዚያ መሆን አለበት። ሬዚደንቷ የምትወስንበት ነገር ከሌለ የተራዘመ ልምምድ ነው። 15 ዓመት የሠራችን ሴት መልሶ ልምምድ ማስገባት ደግሞ ነውር ነው።

የመጀመሪያዬ 10 ወር ነበር፣ አንድ ትልቅ ተቋም ውስጥ። አዲስ አበባ የሠራሁትን ሳልቆጥር እዚህ ብቻ 12 ዓመት ፕሮግራም አስተባብሬ ነው የገባሁት። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ፎቶዬ ድረ ገጻቸው ላይ ወጣ። ጠረጴዛዬ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነበር። የሰጡኝ የበር ካርድ ሁለቱን የታች ፎቆች ይከፍታል። ዳይሬክተሩና የፋይናንስ ሰዎቹ ያሉበትን ሦስተኛ ፎቅ ግን አይከፍትም። ስህተት መስሎኝ ጠየቅኩ። «መውጣት ስትፈልጊ ደውዪ፣ እንከፍትልሻለን» አሉኝ።

በአራተኛው ወር ቦርድ ስብሰባ ላይ ተጠራሁ። ሌሊቱን ስዘጋጅ አደርኩ። ስለ ብዝኃነት 15 ደቂቃ ተናገርኩ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ሊቀመንበሯ አመስግናኝ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ወረቀት የሩብ ዓመቱ ሒሳብ ነበር። እኔ ልማረው የመጣሁት እሱን ነው። ኮሪደሩ ላይ ካፖርቴን ስለብስ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሰማሁት። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደመወዜ በደንብ ተከፍሎኛል። አየሽ፣ ችግሩ የገንዘብ ማነስ አልነበረም። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ አንድም ውሳኔ ወደ እጄ አልገባም።

ሁለተኛው ትንሽ ቴአትር ቤት ነው። ሠራተኛው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሯ አንድ የኤክሴል ገጽ ከፈተችልኝ። «ይህ 40,000 ዶላር በአንቺ እጅ ነው። የጸደዩን ፕሮግራም አንቺ ትመርጫለሽ፣ ውሉንም አንቺ ትፈርሚያለሽ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ውል ስፈርም እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ተሳሳትኩ። አዳራሽ ስከራይ የመድረክ ሠራተኞቹን የትርፍ ሰዓት ክፍያ አላየሁትም። 3,800 ዶላር ጎደለ። ዳይሬክተሯ አልተቆጣችኝም፣ ግን አልሸፈነችልኝም። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ከየት እናምጣው?» አለችኝ። እስኪመሽ ቁጥሩን ስናገላብጥ ቆየን። የማስታወቂያ ወጪ ቀነስን፣ አንዱን ትዕይንት ወደ ትንሹ አዳራሽ አዛወርነው። በማግስቱ ለተዋንያኑ ደውዬ የነገርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ።

የገንዘብ ፍሰት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። የእርዳታ ገንዘብ ሁልጊዜ አንዴ ተጠቃሎ አይመጣም። የመጨረሻው ድርሻ ሪፖርት እስኪገባ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ደመወዝ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላል። መሃል ላይ ያለውን ክፍተት ከባንክ ተበድረሽ ትሸፍኛለሽ ወይስ ትዕይንት ታራዝሚያለሽ? ይህን የሚወስነው ሰው ነው መሪ የሚባለው። አስተባባሪ ሆኜ በሠራሁባቸው 12 ዓመታት አንድም ቀን አላየሁትም። ጎበዝ ስላልነበርኩ አይደለም፣ ያ ወረቀት እኔ ጋ ስለማይመጣ ነው።

ስለዚህ በጀትሽ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሬዚደንቷ በራሷ ፊርማ የምታወጣው ገንዘብ ይሁን። መጠኑ እንደ ቤቱ አቅም ነው። ግን የሚያስጨንቅ ያህል መሆን አለበት። 2,000 ዶላር ለሻይና ለብስኩት ነው፣ ማንንም መሪ አያደርግም። ከገንዘቡ ጋር የቦርድ ስብሰባውን ሙሉውን የመቀመጥ መብት በጽሑፍ ይግባ። ካናዳ ውስጥ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ሁሉ ዓመቱ በተዘጋ በስድስት ወር ውስጥ ቲ3010 የሚባል የዓመቱን ሥራና ሒሳብ የሚያሳውቅ ቅጽ ለገቢዎች ያስገባል። ሬዚደንቷ ያንን ቅጽ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር አብራ ትሙላ። ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። ሬዚደንቷ አሁን ከምታገኘው ማነስ የለበትም። ይህ የማይነካ ነው። እንደ ፌሎሺፕ፣ ማለትም እንደ ድጎማ፣ ከከፈላችኋት በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሳት ቲ4ኤ የሚባለው የገቢ ወረቀት ነው፣ ሲፒፒም (ጡረታው) ኢአይም (የሥራ አጥ መድኑ) አይቆረጥላትም። በሠራተኛነት ከቀጠራችኋት ግን የሠራተኛውን ወረቀት፣ ቲ4ን፣ ታገኛለች፣ ሁለቱም ይቆረጡላታል። ልዩነቱ ወረቀት ብቻ እንዳይመስልሽ። በዚህ ደረጃ ያሉ ብዙ ሴቶች የመውለጃ ዕድሜ ላይ ናቸው። የወሊድ ክፍያ ለማግኘት ኢአይ የተከፈለበት 600 ሰዓት ሥራ ያስፈልጋል። በፌሎሺፕ ያለፈ ዓመት እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። በሠራተኛነት ቅጠሯት፣ ወጪውንም በጀቱ ውስጥ አስገቢ። ቀጣሪው የሲፒፒውን ያህል እኩል ይከፍላል፣ የኢአዩን ደግሞ 1.4 እጥፍ። የዕረፍት ክፍያ በኦንታሪዮ ከ4 በመቶ አያንስም። እነዚህ ከተረሱ በኋላ ከሬዚደንቷ ገንዘብ ላይ ነው የሚቀነሱት። አይቻለሁ።

የእኛ ሰው ደግሞ ሌላም ጭንቀት አለው። እናትና አባቷን ከአገር ቤት ለማምጣት ስፖንሰር የምትሆን ሰው የሦስት ተከታታይ ዓመት ገቢዋ ይታያል። አንዱ ዓመት ላይ ገቢዋ ከሚፈለገው በታች ከወረደ ነገሩ ይበላሻል። የማውቃት አንዲት ልጅ እጅግ ጥሩ ቦታ አግኝታ በዚህ ምክንያት ትታዋለች። እናቷ አዲስ አበባ ብቻዋን ናት። ማን ይፈርድባታል?

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ መስመር አለ። ሬዚደንቷ ከየት ነው የምትመጣው? ብዙ ጊዜ ከትንሽ የማኅበረሰብ ድርጅት ነው። እዚያ ፕሮግራሙን የምትመራውም፣ ወንበር የምትደረድረውም እሷ ናት። እሷን አንድ ዓመት ስትወስዱ ያ ድርጅት ይቆማል። የሚተካት ሰው ደመወዝ በበጀቱ ይግባ። ስትጨርስ የመመለስ መብቷም በውል ይታሰር። አለበለዚያ ከእኛው ቤት ምሰሶ ነቅለን ለትልቁ ቤት ማገር ማቀበል ነው የሚሆነው።

አማካሪም ያስፈልጋታል። ከእናንተ ቤት ውጭ ያለ፣ መንገዱን ራሱ የሄደበት ሰው ይሁን። ይከፈለው። ጥቁርና እስያዊ የሆኑ አንጋፋ ባለሙያዎች በዚህ ከተማ ዓመታት በነፃ ሲያማክሩ ኖረዋል፣ ይበቃል። ኦብሲዲያን በፈረንጆቹ 2000፣ ቢ ከረንት ደግሞ በ1991 የተመሠረቱ የጥቁሮች ቴአትር ድርጅቶች ናቸው። ወጣቱን ከሥራው ጋር ያገናኙት ገና ማንም ስለ ሬዚደንሲ ሳያወራ ነው። ከእነሱ ዓይነት ቤት የመጣ አማካሪ ብታገኙ መታደል ነው።

ስለ ገንዘብ ሰጪዎቹም አጠር አድርጌ ልበል። ካናዳ ካውንስል የሚባለው የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት በፈረንጆቹ 1957 ተቋቋመ፣ የኦንታሪዮው በ1963፣ የቶሮንቶው በ1974። ሦስቱም ማመልከቻ የሚያስገመግሙት በሙያው ባሉ ሰዎች ነው። እኔም ገምጋሚ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ስለ እኩልነት የተጻፈው ገጽ ሁሉም ማመልከቻ ላይ ያምራል። ሰው እርሳሱን የሚያነሳው በጀቱ ጋ ሲደርስ ነው። «አዳራሽ፣ ማተሚያ፣ የአስተዳደር ወጪ» ሞልቶ ሬዚደንቷ ጋ ሲደርስ ከሳሳ እናየዋለን። ኦንታሪዮ ውስጥ ነጭ ያልሆኑ የጥበብ ባለሙያዎች በራሳቸው ስም ለሙያ ማሻሻያ የሚያመለክቱበት ፕሮግራምም አለ። ያኛው ገንዘቡ ከግለሰቡ ጋር ስለሚሄድ ነፃነት ይሰጣል። የእናንተ ግን በድርጅቱ ስም ነው፣ ስለዚህ ነፃነቷን ውሉ ውስጥ መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው።

ማመልከቻው ላይ ሬሻላይዝድ (ኅብረተሰቡ በዘር የለያቸው ሰዎች) የሚለውን ቃል ምን እንደምታደርጊውም ጠይቀሻል። የፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ሕግ እስካሁን «የሚታዩ አናሳዎች» ነው የሚለን፣ ነባር ሕዝቦችንም ለብቻ ይቆጥራል። በፈረንጆቹ 2021 ቆጠራ ከቶሮንቶ ከተማ ሕዝብ 55.7 በመቶው ከእነዚህ «አናሳዎች» ነው። ከግማሽ በላይ ነን ማለት ነው። ስለዚህ ሬሻላይዝድ የሚለው ይሻላል፤ ቁጥራችን ላይ ሳይሆን የተደረገብን ነገር ላይ ያተኩራል። ግን ቃሉ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፊ። ፕሮግራሙ ነባር ሕዝቦችንም የሚያካትት ከሆነ ግን እነሱን ለይተሽ ጻፊ፣ እነሱ በዚህ ስም መጠቃለል ላይፈልጉ ይችላሉ።

አሁን ሌላውን ሁሉ ትተሽ ነገ ዳይሬክተርሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ «አንቺ ከምትፈርሚው ውስጥ የትኛውን ለሬዚደንቷ ትለቂላታለሽ?» በያት። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ትመልስልሽ። የምትለቅላት ነገር ካለ እዚሁ ጻፊልን፣ ቁጥሩን አብረን እንሠራዋለን። ምንም የለም ካለችሽ ግን ማመልከቻውን ለዘንድሮ አቆዩት።