አረንጓዴው ግድግዳ ለምን ተላጠ?

ጥያቄ፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው። አንድ የቤት ማስዋቢያ መጽሔት ላይ ያየሁት ሳሎን ከልቤ አልወጣ አለ፤ ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተደረደሩ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ሞቅ ያለ መብራት። አረንጓዴውን ፕላስቲክ ቀለም ገዝቼ ራሴ ቀባሁት። በወሩ እንደ ላስቲክ እየተነሳ ተላጠ፤ ያልተላጠውም መብራት ሲበራ ሞገድ ሞገድ ይላል። ከግድግዳው ጀርባ መታጠቢያ ቤት አለ። ብዙ ገንዘብ የለኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙን አይውቀሱት። እንደ ላስቲክ የሚነሳ ቀለም ሥሩን አልያዘም ማለት ነው። ተከራይ በተፈራረቀበት ቤት ግድግዳው ላይ ቀለም በቀለም ይደራረባል፤ እድፍ በጨርቅ እንዲለቅ ተብሎም የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም የሚቀባበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ለዓይን ይሸፍናል እንጂ አይጣበቅም።

ለማረጋገጥ ከፋርማሲ አልኮል ይግዙ። አረንጓዴው የተላጠበት ቦታ ላይ፣ ሥር ያለውን አሮጌ ቀለም አልኮል በነካ ጥጥ ጠንከር አድርገው ያሹት። ጥጡ ቀለም ከያዘ የታችኛው ፕላስቲክ ቀለም ነው። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ግድግዳውም እንደነበረ ካብረቀረቀ ዘይት ቀለም ነው። መዳፍዎንም ያሳርፉበት፤ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ፣ ቀለሙ ራሱ ስለደከመ አዲሱን ተሸክሞ ሊቆም አይችልም።

መታጠቢያ ቤቱን ስለጠቀሱ ሌላም ፈተና አለ። ንጹሕ ፌስታል ቀደው ክንድ በክንድ የሚሆን ቁራጭ ያውጡና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። በማግስቱ ይዩት። ጤዛው በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ ቧንቧው ወይም የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ሳይጠገን አንድ ብር ለቀለም አያውጡ። ይህን ለአከራይዎ መንገር ይገባል፤ ወጪውም የእርስዎ መሆን የለበትም። ጤዛው በውጭ በኩል ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃል።

ግድግዳው ደረቅ ከሆነ ወደ ሥራው እንግባ። የሚነሳውን ሁሉ በስፓቱላ ያንሱ፤ «ይሄ ይዟል» ብለው አይለፉት፣ ጥፍር የሚያነሳው ሁሉ ይውጣ። የሚያብረቀርቀውን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብርቅርቅታው እስኪጠፋ ይፈግፍጉት። ሲፈገፍጉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ልጆችም በአቅራቢያው አይኑሩ፤ የአሮጌ ቀለም ብናኝ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ከዚያ በሳሙና ውሃ አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። ሥሩ ዘይት ቀለም ከነበረ ሱቁ ውስጥ «ዘይት ቀለም ላይ የሚይዝ ፕራይመር» ብለው ይጠይቁና ከቀለሙ በፊት አንድ እጅ ይቀቡት። ይህችን አንድ እጅ መዝለል ነው ያስላጠብዎ።

ሞገዱ ደግሞ ከስቱኮው ነው፤ ከቀለም በፊት ግድግዳውን ለማለስለስ ከሚለቀለቀው ማለቴ ነው። ነጭ ግድግዳ ጉድለትን ይደብቃል፤ ጥቁር አረንጓዴ ግን ያጋልጣል። ስቱኮውን በአንዴ አያወፍሩ፣ ሁለት ስስ እጅ ይሁን። ሲደርቅ ማታ ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ከግድግዳው ጋር አስጠግተው በጎን ያብሩ። ጉድጓዱም ጉብታውም ጥላ ይጥላል። ጥላ የጣለውን በእርሳስ ያክብቡ፤ በማግስቱ የተከበበውን ብቻ ይፈግፍጉ ወይም ይሙሉ። እኔ ከሁሉም ሥራ ይህን ነው የማልቸኩልበት፤ መጽሔቱ ላይ ዓይንዎን የያዘውም አብዛኛው ይኸው ለስላሳነት ነው።

ደረቅ ስቱኮ የቀለሙን ውሃ ይመጠዋል። አንዱ ቦታ የደበዘዘ ሌላው የደመቀ የሚሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግራጫ ፕራይመር፣ ወይም በውሃ የቀጠነ ግራጫ ፕላስቲክ ቀለም አንድ እጅ ይስጡት። በነጭ ላይ አራት እጅ የሚጠይቅ ጥቁር አረንጓዴ በግራጫ ላይ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ሊበቃው ይችላል። ግድግዳዎ 3.6 ሜትር በ2.6 ሜትር ነው እንበል፤ ወደ 9.4 ካሬ ይሆናል። በለሰለሰ ግድግዳ አንድ ሊትር 10 ካሬ ገደማ ስለሚሸፍን ባለ 4 ሊትር ጋሎን ይበቃዎታል። ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስበጥብጡ፤ በኋላ የሚበጠበጠው ከፊተኛው ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። «የማያብረቀርቅ» ማለትንም አይርሱ።

በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ የቀቡት ጠርዝ ቶሎ ደርቆ የሮለር መስመር ይቀራል። መስኮቱን ዘግተው ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሳያርፉ ይቅቡ፣ ከጨረሱ በኋላ ይክፈቱ። በክረምት ደግሞ በእጅና በእጅ መካከል ያለውን ጊዜ ያርዝሙ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይተዉት፣ ውድ ነው። አንድ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ገዝተው በማሽን ቤት በ3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስቆርጡ። መጋዙ የሚበላው ተቀንሶ 36 ዘንግ ያገኛሉ። በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲተዉ 1 ሜትር ከ80 ይሸፍናል፤ ለቴሌቪዥን ጀርባ በቂ ነው። ዘንጎቹን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይምቱ። ጥቁር በተቀባ ስስ ኮምፖርሳቶ ላይ በኮላ ይለጥፏቸው፣ ሁለት ቦታ ከፍለው ይሥሩት፣ ወለሉ ላይ ይቁም። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደቱን ወለሉ ይሸከም፤ ከላይ ያሉት ፊሸሮች እንዳይወድቅ ብቻ ይያዙት። ሲለቁ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ።

ኤምዲኤፍን እንጨት ለማስመሰል ግን አይድከሙ፤ የተቆረጠው ጎኑ ያጋልጠዋል። እንደ ግድግዳው አረንጓዴ ይቀባ፣ ያምራል። የግድ እንጨት ይታይ ካሉ በደንብ የደረቀ ጽድ ያስቆርጡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጣመማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አምፖል ይግዙ። አብዛኛው ቤት ያለው ነጭ አምፖል 6500 ኬልቪን ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ሞቅ ይላል)፤ ጥቁር አረንጓዴን ያገረጣዋል። ሣጥኑ ላይ 2700 ወይም 3000 የሚለውን ይምረጡ። ቀለሙን ከማስበጥበጥዎ በፊት ናሙናውን ካርቶን ላይ ቀብተው ማታ በዚያ አምፖል ይዩት። የኮርኒሱን መብራት አጥፍተው ሁለት አባዡር፣ አንዱን ጥግ ላይ፣ ሌላውን ከሶፋው ጎን ያድርጉ። መቆሚያውን ምናለሽ ተራ ቢፈልጉ ያገኛሉ። ለትራስ ልብስ ሽሮ ሜዳ ይሂዱ፤ ጥለቱ ቀጭን የሆነ ነጭ ሸማ ከአረንጓዴው ጋር ይስማማል። አንድ የጅማ በርጩማ ካከሉበት ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

አከራይዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ጥቁር አረንጓዴን ወደ ነጭ መመለስ ፕራይመርና ቢያንስ ሁለት እጅ ነጭ ይፈልጋል፤ ሲለቁ ያንን ማን እንደሚከፍል ዛሬውኑ ይነጋገሩ።