የአእምሮ ሕመም በአዋቂዎች ላይ በዝቷል ወይስ አልበዛም? ጥያቄና መልስ
(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከ1990 እስከ 2019 በዓለም ላይ የታማሚው ቁጥር ከ655 ሚሊዮን ወደ 970 ሚሊዮን ደርሷል። ይህ በዛ ካልተባለ ምን ይባላል?

መልስ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ለሕዝቡ አካፍሉት። በ1990 ዓለም ላይ 5.3 ቢሊዮን ገደማ ሰው ነበር፣ በ2019 ደግሞ 7.7 ቢሊዮን ገደማ። ሁለቱንም ስታሰሉ 12 ከመቶ ተኩል አካባቢ ይመጣል። በዋናነት የበዛው ሕዝቡ ነው። ለጤና ጣቢያ ግን ይህ ማጽናኛ አይሆንም፤ 300 ሚሊዮን ተጨማሪ ታካሚ በር ላይ ቆሟል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድሮ ስሙ የማይነሳ ድባቴ ዛሬ በየቤቱ የሚሰማው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ የቤት ለቤት ጥናት ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ በ1990–92 እና በ2001–03። ከ18 እስከ 54 ዓመት ካሉት ውስጥ በዓመቱ ሕመም የታየባቸው መጀመሪያ 29.4 ከመቶ፣ በኋላ 30.5 ከመቶ ነበሩ። ያው ነው ማለት ይቻላል። ከታመሙት ውስጥ የታከሙት ግን ከ20.3 ወደ 32.9 ከመቶ ከፍ ብለዋል። የክሊኒክ መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ሕመሙ የባሰ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ እና የትም አልጨመረም?

መልስ፦ እሱማ አይባልም። እንግሊዝ ውስጥ ከ16 እስከ 64 ዓመት ባሉት ላይ ድባቴና ጭንቀትን የመሳሰሉት ሕመሞች በ2007 17.6፣ በ2014 18.9፣ በ2023–24 ደግሞ 22.6 ከመቶ ሆነዋል። ይህ ቤት ለቤት እየተጠየቀ የተገኘ ስለሆነ «ሐኪም ቤት የሚሄደው በዛ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በዚያው ጥናት ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ ሕመም፣ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ ሳይሞላ ቆይቷል። ስለዚህ «የአእምሮ ሕመም» ብሎ በጅምላ መጠየቅ ራሱ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ በአገራችንስ?

መልስ፦ ቡታጅራ ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጣርተው፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የሳይኮሲስ ዓይነት ከ1,000 ሰው ወደ 5 በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። ይህ ግን በዛ ወይም አልበዛም ለማለት አይበቃም፤ ልጅ አደገ ለማለት ሁለት ጊዜ መለካት ይጠይቃል፤ ያውም በአንድ ሜትር።

ጥያቄ፦ ሜትሩ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድባቴ መጠይቅ ውሰዱ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። በብዙ አገር መቁረጫው፣ ማለትም ድባቴ ሊኖር ይችላል የሚባልበት መነሻ ነጥብ፣ 10 ሲሆን በቡታጅራ ጤና ጣቢያዎች ሲፈተሽ የተሻለ ሆኖ የተገኘው 5 ነው። 7 ነጥብ ያላት ሴት በአንዱ ቆጠራ ትገባለች፣ በሌላው ትወጣለች፤ እሷ ግን ያችው ናት። ድካም፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ስለሚጠየቁ የእርሻ ሥራ ያደከመው ሰው ነጥብ ሊሰበስብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ራሴን ሞልቼ 12 አገኘሁ። ታምሜያለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ማጣሪያ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና አንዳንድ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ይጠይቁ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ ከ0 ሌላ ከመለሱ ድምሩ 3 እንኳ ቢሆን አያሳድሩት፤ ለሚቀርብዎ ሰው ነግረው ዛሬውኑ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።