«ቡና አድርገው» ወይስ «በቡና ነው»? የአንዲት የጠላ ቤት ግጥም አመጣጥ

ጥያቄ፦ «ሰርግ ቤትም ሆነ ጠላ ቤት ሞቅ ሲል የማትቀር አንዲት ግጥም አለች። ደሴ ላይ ‹የምን ጥቅም ጠላ የምን ጥቅም ጠጅ፣ ጠላትን ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ› ሲሏት እሰማለሁ። ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ‹ምን ያደርጋል ጠላ ምን ያደርጋል ጠጅ፣ ጠላትን መሸኘት በቡና ነው እንጂ› ትሆናለች። በጠላ ፈንታ ‹አረቄ› የሚል አለ፤ ወጣቱ ‹ቢራ› ይላል። ትክክለኛዋ የትኛዋ ናት? ‹ሲሸኙ› ብሎ ‹አድርገው› ማለትስ ሰዋስዉ ይገጥማል? በጣሊያን ወረራ ጊዜ የወጣች ናት የሚባለውስ እውነት ነው?»
ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከሰዋስዉ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚፈታው ከዚያ ነው።

«ሲሸኙ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ግን ማንንም ለይቶ አይጠራም። «ሲሄዱ የጣሉት ሲመለሱ ይገኛል» እንደምንለው፣ «ሰው ሲሸኝ» ማለት ነው። «አድርገው» ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ትእዛዝ ነው፦ «ምሳውን ሽሮ አድርገው» እንደሚባለው፣ «መሸኛውን ቡና አድርገው»። ትእዛዝ ላይ «እንጂ» ሲጨመር የግብዣ ግፊት ይሆናል፤ «ግባ እንጂ»፣ «ብላ እንጂ» ከሚለው የተለየ አይደለም። ሁለተኛው መልኩ ቦዝ አንቀጽ፣ ዐረፍተ ነገሩን የማያስር ግስ፣ ነው፦ «እነሱ አድርገው»። በዚህኛው ከ«ሲሸኙ» ጋር በቁጥርም በባለቤትም ይስማማል፤ የቀረው ማሰሪያ አንቀጹ ብቻ ነው፣ እሱን መዋጥ ደግሞ ለግጥም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ሰዋስዉ ይገጥማል፤ እንዲያውም በሁለት በኩል ይገጥማል። የገጠመውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰሙ የጨዋ ምክር ነው፦ ጠላና ጠጁ ይቅር፣ እንግዳውን ቡና አጠጥተህ ሸኘው። እንግዳው ጠላት መሆኑ ግን ጆሮን ያነቃል። ጠላትን ቡና ማጠጣት ምን ይሉት ነገር ነው? ወርቁ የሚወጣው «ቡና» እና «አድርገው» በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለት «አ» ሲገጥሙ አንደኛው ይዋጣልና «ቡና አድርገው» በአፍ «ቡናድርገው» ይሆናል። አሁን «ቡን አድርገው» ይበሉ፤ «ን» ከ«አ» ጋር ይጋባና ያው «ቡናድርገው» ይመጣል። «ቡን» ከ«በነነ» እና ከ«ብናኝ» ወገን ነው፤ ዱቄት ላይ እፍ ሲሉበት ቡን ይላል፣ በደረቅ መንገድ መኪና ሲያልፍ አቧራው ቡን ይላል። ጠላትን ሲሸኙ እንዲህ ነው፤ አቧራ አድርገው፣ ብትንትኑን አውጥተው።

የኮምቦልቻዋን እንመርምር። «በቡና ነው እንጂ» ሲባል ከ«ቡና» በኋላ የሚመጣው «ነው» ነው። የሚዋጥ «አ» የለም፤ «በቡን ነው» ብለን ብንከፍለውም ትርጉም አይሰጥም። ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ ቀርቷል። ትቀድማለች የምለው የደሴዋ ናት፤ የቀን ማስረጃ ኖሮኝ አይደለም፣ ለውጡ በየት በኩል እንደሚሄድ ስለሚታይ ነው። ወርቁን ያልሰማ ሰው «ቡና አድርገው» የሚለው ይጎረብጠውና ሳያስበው ወደ «በቡና ነው» ያቃናዋል። ተራ ዐረፍተ ነገር የነበረ በስህተት እንዲህ የተስተካከለ ኅብረ ቃል፣ ሰምና ወርቅን በአንድ የሚይዝ ቃል፣ ሆነ ማለት ግን ይከብዳል። አውቆ ያዞረው አዋቂ አዝማሪ ሊኖር ይችላል፤ ያም ሆኖ የተለመደው ጉዞ ከረቂቁ ወደ ቀላሉ ነው።

ምቱ ግን አያዳላም። ግጥሟ የወል ቤት ናት፤ ስንኙ ዐሥራ ሁለት ቀለም ሆኖ ስድስት ስድስት ይከፈላል። ቀለም የሚቆጠረው በፊደል ብዛት ሳይሆን በአፍ ነው፤ ድምፅ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ጋር አንድ ይሆናል። የ፣ ምን፣ ጥ፣ ቅም፣ ጠል፣ ላ፦ ስድስት። ምን፣ ያ፣ ደር፣ ጋል፣ ጠል፣ ላ፦ እሱም ስድስት። ጠ፣ ላ፣ ትን፣ ሲ፣ ሸ፣ ኙ፦ ስድስት፤ «ጠላት ሲሸኙ» ብሎ «ን»ን የሚጥል ሰው አምስት ላይ ይቀርና ድምፁን ሊጎትት ይገደዳል። ቡ፣ ናድ፣ ር፣ ገው፣ እን፣ ጂ፦ ስድስት። በ፣ ቡ፣ ና፣ ነው፣ እን፣ ጂ፦ ስድስት። አንድ ቦታ ብቻ ያጠራጥራል። «የምን ጥቅም ጠጅ» ሲነበብ አምስት ነው፤ ሲዘፈን ግን «ጠጂ» ተብሎ ይከፈትና ስድስት ይሞላል፣ ከ«እንጂ» ጋርም ቤት ይመታል። «የምን ጥቅም» እና «ምን ያደርጋል» በምትም በትርጉምም ስለሚተካከሉ አንዱን ከሌላው ማስቀደሚያ የለንም። እርስዎም አይጨነቁበት።

«አረቄ» ግን እዚሁ ሚዛን ላይ ይወድቃል። አ፣ ረ፣ ቄ ሦስት ቀለም ነው፤ የሁለት ቀለሙን «ጠላ» ቦታ ሲይዝ ሐረጉ ሰባት ይሆናል። መሰንቆ መቺው ያንን ትርፍ ቀለም ሲያጣድፈው ይሰማል። «ቢራ» ሁለት ቀለም ነውና ያለ ችግር ይገባል፤ የቢራ ፋብሪካ ያላት ኮምቦልቻ ይህን ብትመርጥ አይገርምም። የምትከስረው ሌላ ነገር ነው። ዐይን ላይ «ጠላ» እና «ጠላት» ተያይዘው የመጡ ናቸው። በአፍ የመጠጡ «ላ» ይጠብቃል፣ የ«ጠላት» ይላላል፤ «ጠላው» ሲባል ግን መጠጡም ጥላቻውም ነው፣ ሁለቱም ይጠብቃሉና። አድማጩ መጠጥ እየጠበቀ ጥላቻ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ጠላት ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይቆየዋል። «ቢራ» ይህን መሰናዶ ያፈርሰዋል።

ልዩነቱ የሚፈጠርበትን ቅጽበት ማየት ከፈለጉ አዝማሪው ፊት ይቀመጡ። ከጠጪዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን በንግግር ድምፅ፣ በጫጫታ መሀል፣ አንዳንዴም አፉ ላይ ብርሌ ይዞ ይሰጣል። አዝማሪው የሰማውን በዜማ ይመልሳል። ሰጪው «ቡና» ብሎ ትንፋሽ ወስዶ «አድርገው» ካለ፣ ለተቀባዩ የደረሰው ቡና ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ግጥም ለአዝማሪ የሚሰጥ ሰው «ቡናድርገው»ን ሳያቋርጥ ያውጣው። ዘፋኙም በዚያ ቦታ ዜማውን ካሳረፈ ወርቁን ገደለው ማለት ነው፤ ማረፊያው ከ«ሲሸኙ» በኋላ ነው።

ወደ አመጣጧ ስንመለስ፣ ከዜማ ማስረጃ አይገኝም። ስድስት ስድስት የሆነ ስንኝ በትዝታም፣ በባቲም፣ በአምባሰልም፣ በአንቺሆዬም ቅኝት ይሄዳል። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው፤ በአምባሰል ስለተዘፈነች ግን የአምባሰል ልጅ ናት አይባልም። ግጥም ከዜማ ዜማ ይዘዋወራል።

ቡናው የተሻለ ፍንጭ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው የደጋ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ያ ነገር የላላው ወደ ዘመኑ መጨረሻ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። ቡናን ከጠላና ከጠጅ እኩል የእንግዳ መሸኛ አድርጎ ማሰብ እንግዲህ ወይ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፣ ወይ ቡና ቀድሞ የገባበት አገር ነው። ወሎ ሁለተኛው ነው። ሙስሊሙ ቡናውን በዱዓ እያፈላ በኖረበት፣ ሦስተኛው ስኒ ዐረብኛ ስሙን «በረካ»ን ይዞ በቀረበት ቤት «ቡና አድርገው» ማለት ምንም አይጎረብጥም። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ሰርግ ላይ በሚቀመጡበት አገር ሰሙ ራሱ ጥርስ አለው፤ ጠላና ጠጅ የማይቀምሰው ጎረቤት በጠጪው ላይ ሊወረውረው ይችላል። ይህ ለወሎ ያጋድላል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም፤ ቡናው ከላላ በኋላ ሌላውም አገር ሊገጥማት ይችል ነበርና።

የጣሊያኑን ነገር ግጥሟ አትደግፍም። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ስትደበደብ የነበረውን ቁጣ ለማስታወስ ዛሬም ሊዘፍኗት ይችላሉ፤ ይስማማታልም። ነገር ግን በሁለቱ ስንኝ ውስጥ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የመሣሪያ ስም የለም። «ጠላት» የተባለው የውጭ ወራሪም፣ የወንዝ ማዶ ባላንጣም፣ የድንበር ተካሳሽም ይሆናል። በዚያ ጦርነት ተዘፍናለች ማለትና በዚያ ጦርነት ተገጠመች ማለት ለየቅል ነው።

የምትጽፏት ከሆነ «ቡና አድርገው» ብላችሁ ለያይታችሁ ጻፉ። «ቡን አድርገው» ብሎ መጻፍ ወርቁን ሜዳ ላይ ማስጣት ነው። ለጥናት የምትቀዱ ብቻ እንደተዘፈነው «ቡናድርገው» በሉ። ዘፋኙ እንደ ሰሜኑ አነጋገር «እንጅ» ካለም ወደ «እንጂ» አታቃኑት፤ «ጠጅ»ን በሳድሱ ለሚዘጋ ሰው ቤቱ የሚመታው በ«እንጅ» ነው።